እንዶድ፣ ባክቴሪያና ጥጥ፦ በአዋሽ ሸለቆ የኬሚካል ደኅንነት ጥያቄ ታሪክ

በሰመራ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር

 በንግግሬ ውስጥ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የምጠቅሳቸው ጽሑፎች በዚያው አቆጣጠር ስለወጡ ማምታታት አልፈለግሁም።

በ1975 ለንደን ውስጥ በሚታተም አንድ የታወቀ የሐሩር ክልል ሕክምና መጽሔት ላይ ሁለት ገጽ ብቻ የያዘች ጽሑፍ ወጣች። ርእሰ ጉዳይዋ ቀንድ አውጣ ለመግደል የሚያገለግሉ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች የዘረመል ለውጥ ያስከትሉ ወይም አያስከትሉ እንደሆነ መፈተሽ ነበር። ጸሐፊዎቿ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው አክሊሉ ለማ፣ ሁለተኛው ብሩስ ኤምስ። ኤምስ በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ነበሩ፤ ዛሬ በብዙ አገሮች አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ ፀረ-ተባይ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት የሚያልፍበትን «የኤምስ ፈተና» የሚባለውን ዘዴ ያበጁት እርሳቸው ናቸው። አክሊሉን ለዚህ ጉባኤ ማስተዋወቅ አያሻም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚጠራው በስማቸው ነው።

ይህች ሁለት ገጽ ጽሑፍ በአክሊሉ የሕይወት ታሪክ ውስጥ እምብዛም አትነሣም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው የዓድዋውን ታሪክ፣ ቀጥሎም በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የተቀበሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ነው። እኔ ግን የዛሬውን ንግግር በእርስዋ ላይ ልሠራው ፈልጌአለሁ። አንድ ኬሚካል ካንሰር ያመጣ እንደሆነ፣ የሰውን ዘር ይጎዳ እንደሆነ የሚጠየቀው መቼ ነው? ጥያቄውስ ለየትኛው ንጥረ ነገር ይቀርባል፣ የትኛው ሳይጠየቅ ያልፋል? የአዋሽ ሸለቆ ለዚህ ጥያቄ ከማንም በላይ ግልጽ ምስክር የሚሰጥ ቦታ ይመስለኛል።

እስቲ ከሸለቆው እንነሣ። በ1954 የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። በ1960 የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ፤ የወንዙ ፍሰትም በሰው እጅ ገባ። ወዲያው ከዚህ ከሰመራ አጠገብ በዱብቲና በተንዳሆ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ከመንግሥት ጋር በሽርክና ሰፊ የጥጥ እርሻ አቋቋመ። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተመሠረተ። ከዚያ በኋላ መተሐራ፣ አሚባራ፣ መልካ ሰዲ፣ መልካ ወረር እያሉ መስኖና ቦይ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ በላይም በታችም ተዘረጋ። ለአፋር አርብቶ አደር የዚህ ሁሉ ትርጉም አንድ ነበር፤ በበጋ ግመሉና ከብቱ የሚሰማራበት የወንዝ ዳር ግጦሽ የጥጥ ማሳ ሆነ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ ሲመጣ የደረሰውን እልቂት ያለዚህ መረዳት አይቻልም። ይህ ግን ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ሌሎች ጽፈውበታል፤ ዛሬ አልገባበትም።

የኛን ጉዳይ የሚመለከተው ውኃው ነው። ወራጅ የነበረው ውኃ በቦይና በማጠራቀሚያ ረጋ፤ በረጋ ውኃ ውስጥ ደግሞ ቀንድ አውጣ ይራባል። የቢልሃርዚያ ትል የሕይወቱን እኩሌታ የሚያሳልፈው በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ስለሆነ፣ መስኖ ባለበት ቢልሃርዚያ መከተሉ በግብፅም በሱዳንም የታየ ነገር ነው። አክሊሉ ለማ ይህን ቀድመው ከተመለከቱት አንዱ ነበሩ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂን ኢንስቲትዩት ካቋቋሙ በኋላ፣ በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ስለ አዋሽ ሸለቆ ቢልሃርዚያ ረጅም ጥናት አሳተሙ። የጥናቱ ንዑስ ርእስ በሽታው ወደፊት ለኢኮኖሚውና ለሕዝብ ጤና ሊኖረው ስለሚችለው ክብደት ይናገራል። «ወደፊት» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። በዚያን ጊዜ ልማቱ ገና በጅምር ላይ ነበር፤ ሁሉም የሚያወራው በሄክታር ስለሚገኘው ጥጥ ነው። አንድ ወጣት ሐኪም ያልሆነ የጥገኛ ትል ተመራማሪ ግን ቦዩ ከጥጡ ጋር ምን ይዞ እንደሚመጣ ጠየቀ።

በ1974 አክሊሉ ከጂኦግራፊ ሊቁ ከሄልሙት ክሎስ ጋር በሸለቆው የመስኖ እርሻዎችና የእርሻ ከተሞች ስለሚገኙ ቀንድ አውጣዎች ሁለተኛውን ክፍል አወጡ። በ1977 ደግሞ ሁለቱ ከሌሎች ባልደረቦች ጋር ሆነው በከፊል ዘላን በሆኑትና በእርሻ በተሰማሩት አፋሮች ላይ ስለሚገኘው የሽንት ቧንቧ ቢልሃርዚያ ጻፉ። እዚህ ላይ ተማሪዎች አንድ ልዩነት እንዲይዙ እፈልጋለሁ። በላይኛው ሸለቆ፣ በወንጂና በመተሐራ የሚገኘው የአንጀት ቢልሃርዚያ ነው። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በአፋር ቆላ ያለው ግን ሌላው ዓይነት፣ በሽንት ደም የሚያሳየው፣ የፊኛን ግድግዳ የሚጎዳው ነው። ይህን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የወንዙ ሙላት በሚተወው ረግረግ ይኖራል። በኢትዮጵያ ይህ ዓይነት የሚገኝባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ የአፋር አዋሽ ዋነኛው ነው።

ታዲያ ይህ ከካንሰር ጋር ምን አገናኘው? በጣም አገናኘው። ገና በ1911 በግብፅ የሠሩት ፈርጉሰን የተባሉ ሐኪም በቢልሃርዚያና በፊኛ ካንሰር መካከል ያለውን ዝምድና ጽፈው ነበር። በሊዮን ያለው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1994 የዚህን ትል ኢንፌክሽን በአንደኛው ምድብ፣ ማለትም በሰው ላይ ካንሰር ማምጣቱ በተረጋገጠው ምድብ ውስጥ አስገባው። ትሉ የሚጥለው እንቁላል በፊኛ ግድግዳ ተቀብሮ ለዓመታት ቁስለትና ብግነት ይፈጥራል፤ በዚያ ቁስለት ላይ ባክቴሪያ ሲጨመርበት በሽንት ውስጥ ናይትሮሳሚን የሚባሉ ውሁዶች ይፈጠራሉ። እነዚህ ውሁዶች የዘረመልን ቅደም ተከተል ያበላሻሉ። እንግዲህ የታችኛው አዋሽ ረግረግ ራሱ፣ ፋብሪካ የሌለበት፣ ጭስ የማይታይበት ረግረግ፣ ካንሰር አምጪ ኬሚካል በሰው ፊኛ ውስጥ እንዲሠራ ያደርጋል ማለት ነው። ካንሰር አምጪ ነገር ሁሉ በበርሜል ተጭኖ የሚመጣ ለሚመስለን ይህ ጥሩ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ እንዶድ። ታሪኩን የምታውቁት ስለሆነ አላረዝመውም። በ1964 አክሊሉ በዓድዋ ሴቶች በወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፈዋል፤ ከበላይ ግን በሕይወት አሉ። የልብሱ ሳሙና የእንዶድ ፍሬ ነበር፤ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ሲመታ አረፋ የሚደፍቀው። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው የአምስት ዓመት ሥራ በሽታው ከሕዝቡ 63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ፤ ከስድስት ዓመት በታች ባሉት ሕፃናት ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ። በዚያን ዘመን በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ቀላል የቢልሃርዚያ መድኃኒት ገና አልመጣም ነበር፤ የነበሩት መድኃኒቶች ለበሽተኛው ከባድ ነበሩ። ስለዚህ ቀንድ አውጣን መግደል የመከላከሉ ዋና መንገድ ነበር፤ ከውጭ የሚመጣው ኬሚካል ደግሞ ብርቱ የውጭ ምንዛሪ ይፈልግ ነበር። ገበሬ በአጥሩ ላይ ሊያበቅለው የሚችል ፍሬ ሲገኝ ምን ያህል ተስፋ እንዳጫረ መገመት አያዳግትም።

የካሊፎርኒያው መንገድ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም የሚሠሩ ኬሚስቶች በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ቀንድ አውጣ የሚገድለውን ሳፖኒን ለይተው አወጡት፤ ለአክሊሉ ክብርም «ሌማቶክሲን» ብለው ሰየሙት። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ በበርክሌይ ደግሞ ብሩስ ኤምስ የፈተናቸውን ዘዴ እያጠሩ ነበር።

ዘዴው በጣም ቀላል ስለሆነ ላስረዳ፤ የሳይንስ ተማሪ ላልሆናችሁትም ግልጽ እንዲሆን። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ በተፈጥሮው ሂስቲዲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ራሱ ይሠራል። ኤምስ በዘረመላቸው ላይ ጉድለት ያለባቸውን፣ ሂስቲዲን መሥራት የማይችሉትን ዘሮች መረጡ። እነዚህ ሂስቲዲን በሌለበት ሳህን ላይ ቢዘሩ ይራባሉ እንጂ አይባዙም። አሁን የሚጠረጠረው ኬሚካል ይጨመራል። ኬሚካሉ ዘረመልን የሚለውጥ ከሆነ፣ ከሚሊዮኖቹ መካከል በአንዳንዶቹ ላይ ያ ጉድለት በአጋጣሚ ይቃናል፤ የተቃናላቸው ይባዛሉ፤ በሁለት ቀን ውስጥ በዓይን የሚታይ ነጠብጣብ ይሆናሉ። ተመራማሪው ነጠብጣቡን ይቆጥራል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ነገር ግን አንድ ችግር ነበር። ብዙ ካንሰር አምጪዎች በገቡበት መልካቸው አይጎዱም፤ ጉበት ሲያብላላቸው ነው የሚከፉት። በሻገተ ለውዝና በሻገተ በርበሬ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን ለዚህ ምሳሌ ነው። ባክቴሪያ ጉበት የለውም። በ1973 ኤምስና ባልደረቦቻቸው ከአይጥ ጉበት የተወሰደ ጭማቂ በሳህኑ ላይ በመጨመር ይህን ፈቱት፤ ካንሰር አምጪዎች ዘረመል ለዋጮች ናቸው የሚለውን ሐሳብም በዚያው ጽሑፍ ርእስ ላይ አሰፈሩት። በ1975 ወደ 300 የሚጠጉ ኬሚካሎችን ፈትነው፣ ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከሚታወቁት ዘጠና በመቶ ያህሉ በፈተናው መታወቃቸውን አስታወቁ። በእንስሳት ላይ የሚደረገው ምርመራ ዓመታትንና ብዙ ገንዘብን ሲፈጅ፣ ይህ የቀናትና የጥቂት ገንዘብ ሥራ ነበር። ኤምስ ዘሮቹን ለጠየቃቸው ቤተ ሙከራ ሁሉ ይልኩ ነበር። ይህ ልግስና በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ከሚገባው ያነሰ ምስጋና ያገኘ ይመስለኛል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ኤምስና አርሊን ብሉም በልጆች የሌሊት ልብስ ላይ እሳት እንዳይዝ ይደረግ የነበረው ኬሚካል ዘረመል ለዋጭ መሆኑን አሳዩ፤ በአሜሪካም በዚያው ዓመት ከልጆች ልብስ ታገደ።

አክሊሉ እንዶድን ይዘው ወደ ኤምስ ፈተና የቀረቡት እንግዲህ ዘዴው ገና ትኩስ በነበረበት ጊዜ ነው። ውጤቱም እንዶድ በባክቴሪያዎቹ ላይ የዘረመል ለውጥ እንዳላስከተለ አሳየ።

ስለ አክሊሉ የሚነገረው የተለመደ ትረካ እንዲህ ይላል፦ አንድ አፍሪካዊ ሊቅ ድንቅ ነገር አገኘ፤ ምዕራባውያን አላመኑትም፤ ፈተና እየደራረቡ አሰለቹት። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ እመለስበታለሁ። ሁለቱ ገጾች ግን ሌላም ነገር ይነግሩናል። የእንዶድን ደኅንነት ጥያቄ ቀድመው ካነሡት አንዱ አክሊሉ ራሳቸው ናቸው። ሴት አያቶቻችን ለስንት ዘመን ልብስ ሲያጥቡበት ኖረዋልና ደኅና ነው ብለው አልተከራከሩም። የገዛ ግኝታቸውን፣ ስማቸው የተለጠፈበትን ንጥረ ነገር፣ ካንሰር አምጪን ለመያዝ በተሠራው እጅግ አዲስ ወጥመድ ውስጥ አስገቡት። ቢያዝ ኖሮ የዓድዋው ሥራ ሁሉ ፈተና ላይ ይወድቅ ነበር። ይህን የመሰለ ሳይንሳዊ ድፍረት ከተበዳይነቱ ትረካ በላይ ሊነገር የሚገባው ይመስለኛል።

በደሉም ግን ነበረ። ውጤቱ ከታተመ በኋላ ጉዳዩ አልተዘጋም። በ1983 ሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ ምባባኔ ላይ ስለ እንዶድ ብቻ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ጉባኤዎች ተካሄዱ፤ የውይይቱ ትልቅ ክፍል እውቅና ባላቸው ቤተ ሙከራዎች፣ በታወቀ መመሪያ መሠረት እንደገና ስለሚደረግ የመርዛማነት ምርመራ ነበር። አክሊሉ በኋለኞቹ ዓመታት በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት እንደማይታመን በይፋ ደጋግመው ተናግረዋል። በመጨረሻ በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የተካሄደው የደኅንነት ግምገማ በ1991 ታተመ። ከዓድዋው ወንዝ እስከዚያ ድረስ ሃያ ሰባት ዓመት ሆነ። በዚያ ጊዜ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን መጥቶ፣ ቀንድ አውጣን የመግደል ስልት ራሱ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር።

ይህን ሃያ ሰባት ዓመት በአእምሯችሁ ይዛችሁ ወደ ጥጡ ተመለሱ።

ጥጥ በዓለም ላይ ፀረ-ተባይን ከሚጠጡ ሰብሎች ዋነኛው ነው፤ የአዋሽ ጥጥም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ዲዲቲ፣ ቀጥሎ ኢንዶሰልፋን፣ ማላታዮንና ሌሎችም በማሳው ላይ በጀርባ በሚታዘል መርጫም በአውሮፕላንም ተረጭተዋል። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በተቋቋመበት በ1962 ነበር ሬቸል ካርሰን ስለ ፀረ-ተባይ ኬሚካሎች የጻፉት መጽሐፍ በአሜሪካ ታትሞ ብሔራዊ ክርክር ያስነሣው። በ1969 በአሜሪካ በተደረገ ምርመራ ዲዲቲ የበሉ አይጦች በጉበታቸው ላይ ዕጢ ማውጣታቸው ታየ። በ1972 አሜሪካ ዲዲቲን በእርሻ ላይ ከለከለች። እኛ ግን ፀረ-ተባይን ለመመዝገብና ለመቆጣጠር የሚያስችል ልዩ ድንጋጌ ያወጣነው በ1990 ነው። በተንዳሆ የመጀመሪያው ጥጥ ከተዘራ ወደ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ሲል ማለት ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይወጣል። አንዲት በአጥር ላይ የምትበቅል ፍሬ ጉዳት እንደሌላት ለማስረዳት ሃያ ሰባት ዓመት ተጠየቀች። በዚያው ሸለቆ፣ በዚያው ዘመን፣ በበርሜል የመጣው መርዝ ደግሞ ያንኑ ያህል ዓመት ያለ ምዝገባ ሕግ ተረጨ። እንዶድ መጠየቁ ስሕተት አልነበረም፤ ስሕተቱ ሌላው አለመጠየቁ ነው። ኬሚካሉ በትውልድ አገሩ ተመርምሮ ነበር የሚል መልስ ይሰጣል። ሆኖም በሊድስ ወይም በሌቨርኩሰን የተመረመረው በአፋር ቆላ፣ በአርባ ዲግሪ ሙቀት፣ ጓንትና ጭምብል ሳይኖረው ስለሚረጨው ሠራተኛ የሚናገረው ጥቂት ነው። ባዶውን ጀሪካን አጥቦ ውኃ ወይም ወተት ስለሚቀዳበት ቤተሰብማ ከነአካቴው አይናገርም። የፀረ-ተባይ ዕቃን ለምግብና ለውኃ መጠቀም በኢትዮጵያ የእርሻ ጥናቶች ላይ ደጋግሞ የተመዘገበ ልማድ ነው።

የቀረው መርዝ መጠን ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት አማካይነት፣ ጊዜው ያለፈበት 1,500 ቶን ገደማ ፀረ-ተባይ ከመላ አገሪቱ መጋዘኖች ተሰብስቦ ለማቃጠል ወደ ፊንላንድ ተላከ። ይህ ያልተረጨው ነው።

እዚህ ላይ ግን ታሪኩን ቀላል የሚያደርግልኝን ክርክር ራሴ ላፍርሰው። «የኤምስ ፈተና በመልካ ወረር ቢኖር ኖሮ ዲዲቲ ይያዝ ነበር» ለማለት እንፈተናለን። አይያዝም ነበር። ዲዲቲ በኤምስ ፈተና ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ ባክቴሪያው ላይ የዘረመል ለውጥ አያመጣም። ሆኖም ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 ዲዲቲን በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ወደሚባለው ምድብ፣ ማለትም ወደ «2ኤ» አሳድጎታል። ማላታዮንም በዚያው ዓመት እዚያው ምድብ ገብቷል። ካንሰር የሚመጣው ዘረመልን በቀጥታ በመስበር ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ኬሚካል የሆርሞንን ሥርዓት ያዛባል፤ አንዳንዱ የሰውነትን የመከላከል አቅም ያዳክማል፤ አንዳንዱ ሴሎች ያለ ልክ እንዲባዙ ይገፋል። እንግዲህ እንዶድ በ1975 ያለፈበት በር ዲዲቲም ሊያልፍበት የሚችል በር ነበር። ኋላ በእንስሳት ላይ የተደረገው ተጨማሪ ምርመራ ስለዚህ ከንቱ አልነበረም፤ የዘገየበት ምክንያትና የዘገየበት መጠን ነው የሚያስቆጨው።

ኤምስ ራሳቸውም በዕድሜያቸው ማምሻ ሐሳባቸው ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። በ1990 ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ አሜሪካውያን ከሚመገቡት ፀረ-ተባይ ውስጥ በክብደት 99.99 በመቶው ዕፀዋት ራሳቸውን ለመከላከል የሚሠሩት የተፈጥሮ ንጥረ ነገር ነው ብለው ጻፉ፤ ከተፈተኑትም ግማሽ ያህሉ በአይጦች ላይ ካንሰር አምጪ ሆነው ተገኙ። በ1970ዎቹ የአካባቢ ጥበቃ ወገኖች ጀግና የነበሩት ሰው በ1990ዎቹ ለእነዚያው ወገኖች ራስ ምታት ሆኑ። ኤምስ በ2024 በዘጠና አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። በዚህ የኋለኛ አቋማቸው ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ በሰላጣ ቅጠል ላይ ያለውን ቅንጣት በካሊፎርኒያ የሚመገብ ሰውና በጀርባው መርጫ ተሸክሞ የሚውል የጥጥ ሠራተኛ በአንድ ሚዛን አይለኩም። ይሁን እንጂ ለእኛ የሚጠቅም ነገር አለበት። «የተፈጥሮ ነውና አይጎዳም» የሚለው በአገራችን እጅግ የተወደደ ክርክር በሳይንስ ፊት አይቆምም። እንዶድ ራሱ ለቀንድ አውጣ በሚበቃው መጠን ዓሣንም ይገድላል።

የሠራተኞቹን አካል በተመለከተ በአገራችን የተሠራው ሥራ ዘግይቶ ቢሆንም መጥቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር የሆኑት ፕሮፌሰር የዓለምፀሐይ መኮንን ከባልደረቦቻቸው ጋር በእርሻ ላይ የሚሠሩ ረጪዎችን አጥንተዋል፤ በ2002 ስለ ዕውቀታቸውና ስለ አሠራራቸው፣ ከዚያም ስለ ሳንባቸው አሠራር፣ በ2005 ደግሞ በደማቸው ውስጥ ስላለው የኮሊንኢስተሬዝ መጠን አሳትመዋል። ኮሊንኢስተሬዝ እንደ ማላታዮን ያሉ ኬሚካሎች የሚያፍኑት ኤንዛይም ነው። መጠኑ ከወረደ ሰውየው በቅርቡ መመረዙን ያሳያል። እነዚህ ጥናቶች ረጪውን እንደ መሣሪያ ሳይሆን እንደ ባለ ሰውነት ሰው ማየት የጀመሩ ናቸው፤ በዚህም በኢትዮጵያ የሙያ ጤና ታሪክ ውስጥ ቦታቸው ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ኮሊንኢስተሬዝ የትናንትንና የዛሬን መመረዝ እንጂ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣውን አይናገርም። ለዚያ ሌላ ዓይነት ምርመራ ያስፈልጋል።

ይህ ደግሞ በተለይ ለዚህ ሸለቆ የሚመለከት ምክንያት አለው። አዋሽ ባሕር አይገባም። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ሁሉንም የመስኖ እርሻ አልፎ፣ እዚሁ አፋር ውስጥ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ወደ ውቅያኖስ ታጥቦ የሚሄድ ነገር የለም፤ ውኃው ይተናል፣ የተሸከመው ይቀራል። ዲዲቲ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ ሲፈርስም ዲዲኢ ወደሚባል ሌላ ዘላቂ ውሁድ ይለወጣል። ሁለቱም ስብ ውስጥ ይከማቻሉ፤ በወተትም ይወጣሉ። በ2013 የታተመ ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ፣ በላም ወተትና በእናት ጡት ወተት ላይ የዲዲቲን ቅሪት አግኝቷል። የአፋር ሕዝብ ኑሮ በግመል፣ በፍየልና በላም ወተት ላይ የቆመ ነው፤ ከብቱም በቀድሞው የጥጥ ማሳ ዳርቻና በመስኖው ቦይ አጠገብ ይሰማራል። ከተንዳሆ ግድብና ከሸንኮራ አገዳው በኋላ መሬቱ ሰብሉን ቢለውጥም፣ አፈሩ ግን ያው አፈር ነው።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይህን የመሰለ ምርምር የሚሠራው ትልልቅ መሣሪያ ባለበት አገር ብቻ ይመስላቸዋል። በወተት ውስጥ ያለን ቅሪት ለመለካት እውነትም ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል። የዘረመል ጉዳትን ለማየት ግን የግድ አይደለም። ከሰው ጉንጭ ውስጠኛ ክፍል በእንጨት ዘንግ የሚጠረግ ሴል በስላይድ ላይ ተቀብቶ፣ ተቀልሞ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ የዘረመል ጉዳት የደረሰበት ሴል ከዋናው ኑክሊየስ ጎን ትንሽ የተገነጠለ ኑክሊየስ ያሳያል። ይህን መቁጠር ነው፤ በአንድ በኩል ከረጪዎች፣ በሌላ በኩል ረጭተው ከማያውቁ ሰዎች፣ በዕድሜና በሲጋራ ተመሳሳይ ከሆኑ። በሽንቱ ደም ያለበትንም ለብቻ መመዝገብ ያሻል፤ በዚህ ሸለቆ ቢልሃርዚያና ፀረ-ተባይ በአንድ ሰው አካል ላይ ሊገናኙ ስለሚችሉ፣ የአንዱን ጉዳት ለሌላው እንዳንሰጥ። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ አሳይታ ባሉት ጤና ጣቢያዎች የሽንት ምርመራ መዝገብ አለ፤ የቀድሞ የመንግሥት እርሻ ሠራተኞችም በዱብቲና በመልካ ወረር እስከ ዛሬ የሚኖሩ አሉ፤ የትኛውን ዓመት ምን እንደረጩ የሚያስታውሱት እነርሱ ናቸው፤ ዕድሜአቸውም እየገፋ ነው።

ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ አቆማለሁ።